የሮችዴል ሸማኔዎችና የ28 ፓውንዱ ሱቅ

ለዘንድሮው መጽሔት የምናቀርበው ሥራ በቀዘቀዘበት ከተማ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ከየኪሳቸው አዋጥተው ሱቅ ያቋቋሙበትን ታሪክ ነው። ሰዎቹ የሩቅ አገር ሰዎች ቢሆኑም አሠራራቸው ለእድርተኛ እንግዳ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሮችዴል በሰሜን እንግሊዝ፣ በማንችስተር አጠገብ የምትገኝ የሸማኔ ከተማ ነበረች። ሕዝቡ ፍላኔል የሚባለውን የሱፍ ጨርቅ በእጁ እየሸመነ ይኖር ነበር። በእንፋሎት የሚሠራው የሽመና መኪና ሲመጣ ግን የእጅ ሸማኔው ገቢ ወደቀ። ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ቢጠይቁም አልሆነላቸውም። ያ አልበቃ ብሎ በዘመኑ ነጋዴው ዱቄት ላይ ጠመኔ ይደባልቅ፣ የተጠጣ የሻይ ቅጠል አድርቆ መልሶ ይሸጥ ነበር። ድሃው በዱቤ ስለተያዘ አልገዛም ማለት አይችልም። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ተቀላቅሎ ተሸጠ ሲባል ለምንሰማ ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሸማኔዎቹና ሌሎች የእጅ ሙያተኞች መከሩ። ከተማውን በሦስት ሰፈር ከፍለው ሰብሳቢ መደቡ። ሰብሳቢዎቹም በየእሑዱ ቤት ለቤት እየዞሩ ከየአባሉ በሳምንት 2 ፔንስ ይቀበሉ ጀመር። የእኛው መዋጮ ማለት እኮ ነው! 28 ፓውንድ ሲሞላላቸው በቶድ ሌን መንገድ የአንድ መጋዘን ምድር ቤት በዓመት 10 ፓውንድ ተከራዩ። ሱቁ ዲሴምበር 21 ቀን 1844 ማታ ተከፈተ። የተገኘው ዕቃ ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴና የአጃ ዱቄት፣ ጥቂትም ሻማ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህን ታህል ሱቅ ምን አቆማት? ደንቧ ነው። ከዚያ በፊት በዚያው ከተማ በ1833 የተከፈተ የማኅበር ሱቅ ዱቤ በልቶት በ1835 ተዘግቷል። ስለዚህ እነዚህኞቹ አንደኛ፣ ዱቤ የለም አሉ። ሁለተኛ፣ ሚዛኑ ሙሉ፣ ዕቃው ንጹሕ ይሁን አሉ። ሦስተኛ፣ ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድምፁ አንድ ነው። አራተኛ፣ ትርፉ ለአባላት የሚከፋፈለው እያንዳንዱ በገዛው ዕቃ ልክ ነው። በኋላም ከትርፉ ከመቶ 2½ ለትምህርት መደቡ።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አባላቱ 74፣ ገንዘባቸው 181 ፓውንድ ደረሰ። በ1849 የከተማው የቁጠባ ባንክ ሲወድቅ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ማኅበሩ አዞረ። በ1850 የእህል ወፍጮ አቋቋሙ። በ1855 አባላቱ 1,400 ያህል ሆኑ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ሁሉም ነገር ግን አልሰመረም። በ1854 ባቋቋሙት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛው ከትርፉ ይካፈል ነበር። ለገንዘባቸው ትርፍ ብቻ ሲሉ አክሲዮን የገዙ ሰዎች ሲበዙ በ1862 በድምፅ ብልጫ ይህን ሻሩት። ገንዘብ የገባበትን በር ያልጠበቀ ማኅበር ስሙ ይቀራል እንጂ ዓላማው ይሄዳል።

በአገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው በ1966 ነው። ብዙዎቻችን የኅብረት ሱቅ ሲባል ትዝ የሚለን ግን በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበረው፣ ተሰልፈን ስኳር በራሽን የወሰድንበት ነው። ያ ከላይ በመመሪያ የመጣ ነበር፤ የሮችዴሉ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው መክረው፣ አዋጥተው፣ ተቆጣጥረው ያቆሙት ነው።

እኛም ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አለን፤ በየወሩ የማዋጣት ልማድም አለን። በሰፈራችን ሥራ ፈተው የተቀመጡ ልጆችም አሉን። ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ አይነካ፤ እሱ የሙት አደራ ነው። ፈቃደኛ የሆነ አባል ለብቻው አዋጥቶ፣ በተለየ መዝገብ ተይዞ አንድ ሱቅ ወይም ወፍጮ ቢጀመር ግን ምን ይመስላችኋል? በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንነጋገርበት።