ጀርባ ለሰሜን፣ ፊት ለደቡብ፦ የቤጂንግ ግቢ ቤትና የፌንግ ሹይ ታሪክ

በብርድ ወራት የቤጂንግ ንፋስ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። ከሳይቤሪያና ከሞንጎሊያ ተነሥቶ ቅዝቃዜና አቧራ እየነዳ ከተማዋን ይገርፋታል። በታኅሣሥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 27 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ እሷም በደቡብ በኩል ናት። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ጀርባውን ወዴት፣ ፊቱን ወዴት እንደሚያደርግ ነው። የሰሜን ቻይና ሰዎች ጀርባቸውን ለሰሜን፣ ፊታቸውን ለደቡብ ሰጡ። ዛሬ በመላው ዓለም የአልጋና የመስታወት አቀማመጥ ምክር ሆኖ የሚሸጠው ፌንግ ሹይ ከዚህ ውሳኔ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ውሳኔው ስለ ፌንግ ሹይ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1976 በሻአንሺ ክፍለ ሀገር ፌንግቹ በተባለች መንደር የተገኘው የሕንፃ ፍርስራሽ 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች፣ ወደ ደቡብ የዞረ በርና ከበሩ ፊት የቆመ ከለላ ግንብ ነበሩት። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ነገሥታት ይህን አሠራር እየተቀባበሉ አቆዩት።

አራት ቤት በአንድ ግቢ

ኩብላይ ካን እ.ኤ.አ. ከ1267 ጀምሮ በዛሬዋ ቤጂንግ ቦታ ዳዱ የተባለችውን ዋና ከተማ ሲያስቆረቁር መንገዶቿ በቀያሾች ተለክተው ወጡ። ሁቶንግ የሚባሉት ቀጫጭን መንገዶች አብዛኞቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተዘረጉ በመካከላቸው የሚሠራ ቤት ደቡብን ማየት ቻለ። በእነዚህ መንገዶች ዳር ሲሄዩዋን የሚባለው የግቢ ቤት ተስፋፋ፤ በአንድ ባዶ መሬት ዙሪያ ፊት ለፊት የተያዩ አራት ቤቶች ማለት ነው።

ዋናው በር መሐል ላይ አይደለም፤ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ነው። የገባ ሰው ግቢውን ወዲያው አያየውም፤ ፊት ለፊቱ ከለላ ግንብ ቆሟል። ክፉ መንፈስ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ግንቡ እሱን ይመልሳል ይባል ነበር። የመንገደኛን ዓይንና የመንገዱን ንፋስ እንደሚመልስ ግን ማንም አይጠራጠርም። እንግዳው ወደ ግራ ታጥፎ፣ ሁለተኛውን በር አልፎ ወደ ውስጠኛው ግቢ ይደርሳል። በስተሰሜን ያለው ዋናው ቤት ለቤተሰቡ ታላላቆች ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ ያሉት ክንፎች ለልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ይሰጣሉ፤ ምሥራቁ ለታላቁ። ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረው፣ ፀሐይ የማይጎበኘው የደቡብ ረድፍ ለእንግዳና ለአገልጋይ ይተዋል። ሽንት ቤቱ በደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው። እንግዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ ክብር የሚታደለው በሙቀት ነበር፤ ታላቅ የተባለ ሁሉ ከፀሐይ ፊት ይቀመጣል።

የጣሪያው ክፈፍም ዝም ብሎ አልተዘረጋም። በሰኔ ፀሐይ እስከ 73 ዲግሪ ገደማ ስትወጣ ክፈፉ መስኮቱን ያጠላዋል። በታኅሣሥ ዝቅ ስትል ደግሞ ብርሃኗ ከሥሩ ገብቶ እስከ ካንግ ይደርሳል፤ ካንግ ማለት ከሥሩ በእሳት የሚሞቅ የጡብ መደብ ነው። መሐል ግቢው ላይ ሮማን ይተከላል፤ ፍሬው ብዙ ዘር ስላለው ብዙ ልጅ ለመመኘት ነው። ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ የውሃ ጋንም አይጠፋም።

ከመቃብር ወደ መኖሪያ

የፌንግ ሹይ ስም የተገኘበት ጽሑፍ የታሰበው ለሙታን ነው። እ.ኤ.አ. ከ276 እስከ 324 የኖረው ሊቅ ጉዎ ፑ ደራሲው እንደሆነ የሚነገርለት የመቃብር መጽሐፍ፣ ቺ የተባለው የሕይወት ኃይል በንፋስ እንደሚበተንና ውሃ ዘንድ ሲደርስ እንደሚቆም ያስተምራል። ፌንግ ሹይ፣ ማለትም ንፋስና ውሃ፣ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። መልካም ቦታ ከኋላው ተራራ፣ ከግራና ከቀኙ ኮረብታ፣ ከፊቱ ሜዳና ውሃ ያለው ነው። ሊቃውንቱ የሰሜኑን ጥቁር ኤሊ፣ የምሥራቁን ሰማያዊ ድራጎን፣ የምዕራቡን ነጭ ነብር፣ የደቡቡን ቀይ ወፍ ብለው ሰየሟቸው። ለሙታን የታሰበው ሥርዓት ለሕያዋን ቤትም ሆነ።

ተራራ በሌለበት ተራራ ተሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1406 እስከ 1420 የተገነባው የቤጂንግ ቤተ መንግሥት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ዙሪያውን ለከበበው የውሃ ቦይ የተቆፈረው አፈር በሰሜን በኩል ተቆልሎ ጂንግሻን የሚባለው ኮረብታ ሆነ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ወርቃማ የተባለች ጅረት በአደባባዩ ላይ እንድታልፍ ተደረገ።

አቅጣጫ ፍለጋው ለዓለም ትልቅ ስጦታ አበረከተ። የቻይና የቦታ መራጮች መርከበኞች ከመጀመራቸው በፊት በመግነጢስ መርፌ ይሠሩ ነበር። ሸን ኩዎ እ.ኤ.አ. በ1088 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ መርፌው ትክክለኛውን ደቡብ እንደማያሳይና በመጠኑ ወደ ምሥራቅ እንደሚያደላ አስፍሯል። ኮምፓስ በባሕር ጉዞ ላይ መዋሉን የሚናገረው የቻይና ጽሑፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1119 ነው።

ተቺም አልጠፋም። በአንደኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ዋንግ ቾንግ የቤተሰብ ስም ድምፅ ከቤት በር አቅጣጫ ጋር መግጠም አለበት የሚሉትን አጥብቆ ተቃውሟል። ስለዚህ በቻይና ምድር የቤት ጥበብና የዕድል ንግድ ገና ከጥንቱ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው።

መሐሉ ሲሞላ

እ.ኤ.አ. በ1966 የባህል አብዮት ሲነሣ ፌንግ ሹይ ከአሮጌ ልማዶች ተቆጥሮ ተወገዘ። የግቢ ቤቶቹም ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ታንግሻን የተባለችው ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ቤጂንግም ተናወጠች፤ ነዋሪዎች በግቢያቸው መሐል ጊዜያዊ መጠለያ ሠሩ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። ብርሃንና አየር ይገባበት የነበረው ባዶ ቦታ ተደፈነ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዶዘር መጥቶ ብዙዎቹን ሁቶንጎች አፈረሳቸው።

የቺንግኋ ዩኒቨርሲቲው አርክቴክት ዉ ሊያንግዮንግ ሌላ መንገድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በጁአር ሁቶንግ የጀመረው ሥራ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያዎችን እንደገና በግቢ ዙሪያ ሰበሰበ። የድሮው ሰው የሚያውቀውን ብርሃን ለአዲሱ ነዋሪ መለሰለት።

አቅጣጫ የሌለው ካርታ

በዚያው ዘመን ፌንግ ሹይ ባሕር ተሻገረ። መምህር ሊን ዩን በካሊፎርኒያ ያስፋፉት ትምህርት ቤቱን በስምንት አቅጣጫ የሚከፍለውን የፌንግ ሹይ ካርታ ከኮምፓስ አላቆ በቤቱ መግቢያ በር ላይ አኖረው። ለአፓርታማ ነዋሪ ቀላል ሆነ፤ ነገር ግን ፀሐይና ንፋስ ከስሌቱ ወጡ። ቦታቸውን ክሪስታልና መስታወት ያዙት፤ ለሻጭም ተመቸ።

እኔ የማምነው ሊወረስ የሚገባው ፀሐይንና ንፋስን የሚያየው የመጀመሪያው መንገድ እንደሆነ ነው። ዋሽንግተን ከቤጂንግ ጋር በአንድ የኬክሮስ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ በዚያ የሚኖር ወገናችን የሳሎን መስኮቱ ደቡብን ካየ በብርድ ወራት ይጠቀማል። ሜልቦርን ላለው ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ በሰሜን ናት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን፣ በቀሩት ወራት በደቡብ ታልፋለች፤ በሁለቱም ጊዜ ከፍ ብላ ስለሆነ ይበልጥ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከጠዋቱና ከማታው ዝቅተኛ ፀሐይ ነው። ጀርባ ለሰሜን የሚለው ሕግ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ሕጉን የወለደው ትዕግሥተኛ ምልከታ ግን ይሠራል።

የቀሩት ምክሮችም በዚሁ ይመዘኑ። አልጋ በሩን ከሚያይበት ግን በበሩ ትይዩ ካልሆነበት ቦታ፣ ራስጌውም ከግድግዳ ጋር ቢሆን ተኝቶ ያለ ሰው ይረጋጋል፣ ንፋስም አይመታውም። መግቢያው ከዕቃ ይጽዳ። የሽንት ቤቱ ሽታ ወደ ምግብ ቤት እንዳይነፍስ ይታሰብ። ለዚህ ሁሉ የሚገዛ ዕቃ የለም። የሚያስፈልገው ቤት ከመሥራትና ከመከራየት በፊት በጠዋትና በማታ ቦታው ላይ ቆሞ ፀሐይዋ ከየት እንደምትገባ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ማየት ነው። አርክቴክቶቻችንና አልሚዎቻችን ይህን ቢያደርጉ፣ ተከራይም ከዋጋው ጋር ይህንኑ ቢጠይቅ፣ የምንኖርባቸው ቤቶች ይሻሻሉ ነበር።