የ«ነርቭ መግቻ» አሰያየም፦ ከማደንዘዣ ቃላት ታሪክ

የትከሻው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ የሚተካለት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንገቱ ላይ በመርፌ ይወጋል። መድኃኒቱ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ለተወሰኑ ሰዓታት የሕመም ስሜት እንዳያስተላልፉ ያደርጋል። በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሙ የሚማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን ሕመምተኛውን በአመዛኙ የሚያነጋግረው ግን በአማርኛ ነው። ይህን መድኃኒት ምን ብሎ ይጥራው?

ግኝቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር በቪየና ዓይንን በኮኬይን አደነዘዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ዊልያም ሐልስቴድ በኒውዮርክ ያንኑ መድኃኒት በነርቭ ግንድ አጠገብ ወጋ። ሊዶኬይን በ1943፣ ቡፒቫኬይን ደግሞ በ1957 በስዊድን ተቀመሙ። በ1970 አሎን ዊኒ ለትከሻ የሚያገለግለውን፣ በአንገት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠውን መርፌ ዘዴ አሳወቀ።

አማርኛም ባዶ እጁን አልጠበቀም። «ሰመመን» ከቀላል እንቅልፍ ተነሥቶ ሙሉ አካልን ለሚያስተኛው ሕክምና ዋለ። «ማስታገሻ» ከ«ታገሠ» የመጣ ስለሆነ ሕመምን የሚያስችል እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። «ማደንዘዣ» ከ«ደነዘዘ» ወጥቶ ስሜት ማጣትን ያመለክታል፤ ነገር ግን «አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው አጠራር በዚሁ ሥርወ ቃል ላይ ጥላውን አጥልቶበታል።

ነርቭን «ጅማት» ማለት አሳሳች ነው፤ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ነውና። በግሪክኛም «ኔውሮን» መጀመሪያ ጅማት ማለት ነበር፤ ሁለቱ የተለያዩት የሰውነት አሠራር ሲጠና ነው። ስለዚህ «ነርቭ» እንዳለ መወሰዱ ተገቢ ነው።

የቀረው የድርጊቱ ስም ነው። «መዝጊያ» ቢባል ሕመምተኛው ክንዱ እንደተዘጋ የሚቀር ይመስለዋል፤ «ማገጃ»ም የሕግ እገዳን ያስታውሳል። «መግቻ» ግን የተሻለ ነው፤ ፈረስ በልጓም ይገታል፣ ልጓሙ ሲላላ ይሄዳል። የመድኃኒቱም ጠባይ ይኸው ነው፤ አንዱ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ገደማ ይሠራና ይለቃል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ክንዱ ሲደነዝዝ ሽባ የሆነ የሚመስለው ሰው በከንቱ ይጨነቃል፤ መግቻው እንደሚለቅ ያልተነገረውም ማስታገሻውን አስቀድሞ ሳይወስድ ሌሊት በሥቃይ ይነቃል። እንግዲህ ተርጓሚው «ነርቭ መግቻ»ንና «ማስታገሻ»ን ለየብቻ ይያዛቸው፤ የመጀመሪያው ሲለቅ ሁለተኛው ይረከባልና።