ቦራክስ የማይረታው ብረት ድስት

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ብር ሠሪው ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘው ከገበያተኛው መቀነት ነበር። ከታጁራ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ ዓልዩ አምባ ገበያ ሲደርስ የሚገበያየው በአሞሌ ጨውና ማርትሬዛ በምትባለው የብር ገንዘብ ነበር። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከመቶው 83.3 እጅ ብር፣ ቀሪው መዳብ። አሞሌ ዝናብ አግኝቶት ቢሟሟ ኪሳራ ነው። ማርትሬዛ ስትቀልጥ ግን መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ ትሆናለች።

መስቀሉን አንገቱ ላይ ያሰረው ሰው ሠሪውን ይሸሸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም «ቡዳ» የሚለው ስም ቶሎ አልለቀቀውም።

የሠሪው ሥራ፣ ብርን ከብር ማጋጠም፣ ማን ቀድሞ ይቀልጣል የሚል ጉዳይ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 72 እጅ ብር ከ28 እጅ መዳብ ጋር ሲዋሐድ ግን በ779 ውሃ ይሆናልና ለመበየጃ ያገለግላል። ማርትሬዛ ራሷ መዳብ ስላለባት ልዩነቱ ይጠብባል፤ ለዚህ ነው ብር ሠሪዎች መበየጃው ላይ ናስ የሚጨምሩበት፤ በናሱ ውስጥ ያለው ዚንክ ቶሎ ያቀልጠዋል። ዝገት ለማንሣት የሚጨመረው ፍላክስ፣ ቦራክስ፣ ደግሞ 743 ላይ ቀልጦ እንደ መስታወት ይዘረጋና የጠቆረውን የመዳብ ዝገት ይበላል። ወናፍ የሚነፋው ሰው ዲግሪ አይለካም፤ የሚያየው ፍሙን ነው። ቦራክሱ መጀመሪያ እንደ አረፋ ይነፋል፣ ይረጋል፣ ብሩ ይቀላል፤ ከዚያ መበየጃው ድንገት እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወደ ስንጥቁ ይሮጣል። ወናፉ ትንሽ ከበዛ መስቀሉም አብሮ ይንጠባጠባል።

መናገሻው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከወጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1886 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይተዋወቁ አልሙኒየምን በኤሌክትሪክ መነጠል ቻሉ። ቀድሞ ከጌጥ ማዕድን ተርታ ይቆጠር የነበረው ነገር ረከሰ፣ ውሎ አድሮም ወጥ ቤት ገባ። አማርኛ ሌላ ስም አልፈለገለትም፤ ብረት ባይሆንም «ብረት ድስት» አለው።

በብር ሠሪው ዕቃ የተቀደደ ብረት ድስት ልበይድ የሚል ያፍራል። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቦራክሱ 743 እስኪደርስ ድስቱ ኩሬ ሆኗል። ላዩን የሸፈነው በዓይን የማይታይ ዝገት ደግሞ 2,072 ዲግሪ ካላገኘ አይቀልጥም፤ ቢፋቅም አየር እንደነካው ይመለሳል። ስለዚህ የአልሙኒየም ፍላክስ ሌላ ነው፦ ዝገቱን የሚያላቅቅ የፍሎራይድ ወይም የክሎራይድ ጨው። ክሎራይዱ በደንብ ካልታጠበ መልሶ አልሙኒየሙን ይበላዋል። መበየጃውም 12 እጅ ሲሊኮን ያለበት አልሙኒየም ሲሆን 577 ላይ ይቀልጣል፤ ከድስቱ በ83 ዲግሪ ብቻ ይቀድማል። ሌላው መበየጃ፣ 9 እጅ ዚንክ የገባበት ቲን፣ ለመቅለጥ 199 ዲግሪ ይበቃዋል፤ እሳት ለማያየው ዕቃ ደህና ነው፤ ባዶውን ምድጃ ላይ የተረሳ ድስት ግን ይተፋዋል።

ዛሬ የአልሙኒየም በርና መስኮት በሚሠራባቸው የደብረ ብርሃን ሱቆች ፍምም ወናፍም አይፈለግም። ባለሙያው ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ በሪቬትና በብሎን ያስራል።