ፍሬድሪክ ራይነስ፦ ከኒውትሪኖ ፍለጋ እስከ ሰው አካል ጨረራ ልኬት

እ.ኤ.አ. በ1953 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚገኘው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ሲሆኑ፣ የገለጹት የአንድን ሰው አጠቃላይ የሰውነት ራዲዮአክቲቭነት ያለ መርፌና ያለ ናሙና መለካት የሚያስችል ዘዴ ነበር። ከእነርሱ መካከል ፍሬድሪክ ራይነስና ክላይድ ካወን የተባሉት ሊቃውንት በብልጭታ ሰጪ ፈሳሽ የሚሠሩ ትላልቅ መቁጠሪያዎችን የጀመሩት ለሕሙማን ብለው አልነበረም። የሚፈልጉት ኒውትሪኖን ነበር።

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌላት፣ ክብደቷም ከምንም የማይቆጠር ቅንጣት ናት። በ1930 ቮልፍጋንግ ፓውሊ ስለ እርሷ ሐሳብ ያቀረበው በቤታ ጨረራ ጊዜ የሚጎድለው ጉልበት የት እንደሚገባ ለማስረዳት ሲል ነው። አራት ዓመት ቆይተው ሃንስ ቤተና ሩዶልፍ ፓይርልስ ባደረጉት ስሌት፣ ቅንጣቷ ምድርን አልፋ ብትሄድ እንኳ ከአንዲት አተም ጋር የመጋጨት ዕድሏ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህም ብዙዎች ፈጽሞ አትያዝም ብለው ደመደሙ።

በ1918 በኒው ጀርሲ የተወለደው ራይነስ ሎስ አላሞስ የገባው በ1944 የአቶም ቦምብ ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ዕቅዱም ከዚያው የመነጨ ነው፤ ቦምብ በሚፈነዳበት አቅራቢያ ጉድጓድ ቆፍሮ መቁጠሪያውን በውስጡ መልቀቅ። ዕቅዱ ተፈቅዶ ዝግጅቱም ተጀምሮ እንደነበር ማስታወስ ዛሬ ያስገርማል። በ1952 መገባደጃ ግን እርሱና ካወን የተሻለ መንገድ አገኙ። ከኑክሊየር ሬአክተር የሚወጣ ፀረ ኒውትሪኖ ፕሮቶንን ሲመታ ፖዚትሮንና ኒውትሮን ይፈጠራሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ከኤሌክትሮን ጋር ይጠፋፋና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት የጋማ ጨረሮች ይሰጣል፤ የዛሬው የፔት ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ክስተት ላይ ነው። ኒውትሮኑ ደግሞ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ተንከራቶ በካድሚየም ይያዛል። አንዱ ብልጭታ ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ሁለቱ በቅደም ተከተል ሲታዩ ግን ሌላ ነገር እንዲህ አድርጎ ሊያስመስላቸው ይቸገራል።

በ1953 ሃንፎርድ በሚገኘው ሬአክተር አጠገብ የተከሉት መሣሪያ 300 ሊትር ያህል ፈሳሽና 90 የብርሃን ማጉያ ቱቦዎች ነበሩት። ውጤቱ አጠራጣሪ ሆነ፤ ሬአክተሩ ቢዘጋም ባይዘጋም ከሰማይ የሚመጣው የኮስሚክ ጨረራ ቆጠራውን ያጨናንቀው ነበር።

የሕክምናው ጥቅም የተገኘው በዚሁ ዳራ ጨረራን የመለየት ትግል ውስጥ ነው። በመቁጠሪያው መካከል ክፍተት ተሠርቶ ሰው ተኮራምቶ ሲገባበት፣ መሣሪያው ጤነኛው ሰው ራሱ የሚያወጣውን ጨረራ ቆጠረ። ምንጩ በዋነኛነት ፖታስየም 40 ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 140 ግራም ያህል ፖታስየም ሲኖረው፣ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ የፖታስየም 40 አተሞች በሰውነቱ ውስጥ ይፈራርሳሉ። ፖታስየም በአብዛኛው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ፣ ይልቁንም በጡንቻ፣ በመሆኑ ይህ ቁጥር ከስብ ነጻ የሆነውን የሰውነት ክፍል ለመገመት አገልግሏል።

ሥራውን የቀጠሉት እነ ኧርነስት አንደርሰንና ራይት ላንጋም በ1957 ከቦምብ ሙከራዎች የመጣው ሴሲየም 137 በሰዎችና በምግብ ውስጥ መገኘቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። ላንጋም ከ1945 እስከ 1947 ፕሉቶኒየም በመርፌ ከተሰጣቸው 18 ሰዎች የተወሰዱትን ናሙናዎች ከመረመሩት አንዱ ነበር፤ ከእነዚያ ሕሙማን አብዛኞቹ ፈቃዳቸው በአግባቡ አልተጠየቀም። አዲሱ መቁጠሪያ ሰውን ሳይወጋ ቢለካም የፕሉቶኒየምን ደካማ ጨረር ለማየት ስለማይችል፣ የሽንት ምርመራው አልቀረም።

ወደ ኒውትሪኖ እንመለስ። ቡድኑ መሣሪያውን አሻሽሎ በደቡብ ካሮላይና በሳቫና ወንዝ ሬአክተር ሥር፣ ከመሬት 12 ሜትር ዝቅ ብሎ ተከለ። በሰዓት ሦስት ያህል ምልክቶች ተቆጠሩ። ሰኔ 14 ቀን 1956 ኒውትሪኖ መገኘቷን ለፓውሊ በቴሌግራም አበሠሩ። ያኔ የታተመው የግጭት መጠን በጊዜው ከነበረው ትንበያ ጋር የገጠመ ነበር። በ1957 ግን ንድፈ ሐሳቡ ተሻሽሎ ትንበያው እጥፍ ሆነ። ቡድኑ እንደገና ሲለካ መሣሪያው ኒውትሮን የመያዝ ብቃቱ ከእውነተኛው በላይ ተገምቶ እንደነበር ታወቀ፤ በ1960 የታተመው ቁጥር ከአዲሱ ትንበያ ጋር ተስማማ። ከተጠበቀው ጋር የገጠመ ውጤት ዳግም የመመርመር ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን በማንኛውም ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ራይነስ በ1965 በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በሚገኝ የወርቅ ማዕድን ጥልቀት ውስጥ፣ ከኮስሚክ ጨረራ የሚወለዱ ኒውትሪኖዎችን ካዩት ቀዳሚ ቡድኖች አንዱን መራ። በ1966 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኧርቫይን ተዛወረ። በ1980 ኒውትሪኖዎች ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ እንደሚለወጡ የሚጠቁም ውጤት አገኘሁ ቢልም፣ ሌሎች ሙከራዎች አላረጋገጡለትም።

በ1987 የሆኑ ሁለት ነገሮች የሁለቱን ፈለጎች ፍሬ አሳይተዋል። በየካቲት እርሱ የተሳተፈበትና በኦሃዮ ጨው ማዕድን ውስጥ የተሠራው መሣሪያ ከፈነዳ ኮከብ የመጡ ስምንት ኒውትሪኖዎችን መዘገበ። በመስከረም ደግሞ በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተጣለ የጨረራ ሕክምና መሣሪያ ሴሲየም 137 ወጥቶ አራት ሰዎችን ገደለ። ለተበከሉት ሰዎች በአካባቢው የሰውነት ጨረራ መቁጠሪያ ተተከለ፤ ብልጭታ ሰጪው ፈሳሽ ሳይሆን ክሪስታል ቢሆንም፣ ሴሲየሙ ከሰውነት እየወጣ መሆኑ የተከታተለው በዚሁ ዓይነት ቆጠራ ነው።

ራይነስ የኖቤል ሽልማትን በ1995 ከማርቲን ፐርል ጋር ተካፈለ፤ ካወን ግን በ1974 ሞቶ ነበር። በሰኔ 1998 ሱፐር ካሚዮካንዴ የተባለው የጃፓን ቡድን ኒውትሪኖዎች በእርግጥ እንደሚለወጡ አስታወቀ። ማስረጃው የመጣው በሬአክተር ከሚፈጠሩት ሳይሆን፣ ራይነስ በማዕድኑ ውስጥ ካያቸው ዓይነት ኒውትሪኖዎች ነበር። እርሱም በዚያው ዓመት በነሐሴ አረፈ።