በሣጥን ውስጥ የቀረው ጉዞ

ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ የአክሱምን ሐውልት በእጁ ነደፈ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉ ለንደን ከደረሰ በኋላ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በ1809 ታተመ። በዚያ ዘመን ተጓዥ ያየውን ላላየው የሚያሳይበት መንገድ ይኸው ነበር፤ ዐይን ያያል፣ እጅ ይነድፋል፣ ቀራጭ ይቀርጻል፣ ማተሚያ ያበዛል። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን እጅን ሳይጠብቅ ብርሃን ራሱ የሚነድፍበት ዘዴ ተፈለሰፈ። እዚህ የምናነሣው ሁለቱንም ዘዴዎች በአንድ ጉዞ ያገናኘውን፣ ዳሩ ግን የአንደኛውን ፍሬ ብቻ ለሕዝብ ያሳየውን ፈረንሳዊ ሰዓሊ ነው።

ዦዜፍ ፊሊቤር ዢሮ ደ ፕራንዤ በ1804 በላንግር ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ሥዕልና ሕግ ተማረ፤ ሕጉ ብዙ የጠቀመው አይመስልም። በ1832 እና በ1833 ስፔንን ተዘዋውሮ ሲጎበኝ የዐረቦች ሥነ ሕንፃ ልቡን ማረከው። የኮርዶባን፣ የሴቪያንና የግራናዳን ሕንፃዎች የሚያሳዩ ንድፎቹንም ከ1836 እስከ 1839 ባሉት ዓመታት በሊቶግራፍ አሳተመ። ሊቶግራፍ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሴኔፌልደር በባቫሪያ የፈለሰፈው የድንጋይ ኅትመት ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል፤ የማተሚያው ቀለም ከቅባቱ ጋር ብቻ ተጣብቆ ከእርጥቡ ይሸሻል። ከአንድ ድንጋይ በመቶ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ይወጣሉ።

የስፔኑ ሥራ ታትሞ ባለቀበት በ1839 የዳጌር ፈጠራ አሠራር በነሐሴ ወር በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጠ። ዳጌሮታይፕ የሚባለው ይህ ዘዴ ብር የተቀባ የመዳብ ሰሌዳን ይጠቀማል። ሰሌዳው እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይወለወላል፤ ከዚያም በአዮዲን ጢስ ይታጠናል፤ በካሜራ ውስጥ ብርሃን ከተቀበለ በኋላ በጋለ ሜርኩሪ እንፋሎት ላይ ሲያዝ ምስሉ ብቅ ይላል። በአጉሊ መነጽር ሲመረመር የግንብ ድንጋዮችን አንድ በአንድ ለመቁጠር ያስችላል። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ምስሉ እንደ መስተዋት ግራና ቀኙን ያገላብጣል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ምስሉ ያለው በዚያው ሰሌዳ ላይ ብቻ ስለሆነ ሊባዛ አይችልም። እንግሊዛዊው ቶልቦት በ1841 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው የወረቀት ኔጋቲቭ ይባዛ ነበር፤ በጥራት ግን ከሰሌዳው አይደርስም።

በፓሪስ የመነጽር ነጋዴ የነበረው ለርቡር ችግሩን በአሮጌው መንገድ ሊፈታው ሞከረ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ዳጌሮታይፖችን ሰብስቦ ቀራጮች በመዳብ ላይ እንዲገለብጧቸው አደረገና ከ1840 ጀምሮ በየክፍሉ አሳተማቸው። ሰሌዳው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ረጅም በመሆኑ ተንቀሳቃሹ ሰው ከምስሉ ጠፍቶ ስለሚቀር፣ ቀራጮቹ ባዶውን አደባባይ በሰዎች ሞሉት። ፊዚክስ ዐዋቂው ፊዞ በበኩሉ ሰሌዳውን ራሱን በአሲድ አስበልቶ ማተሚያ ለማድረግ ቻለ። ሐሳቡ ብልኅ ነበር፤ ከለርቡር ሥዕሎች መካከል በዚህ ዘዴ የታተሙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ዢሮ በ1842 ጉዞውን የጀመረው ይህ ችግር ሳይፈታ ነው። ጣልያንን፣ ግሪክን፣ ግብፅን፣ ቁስጥንጥንያንና ትንሿ እስያን፣ ሶርያን፣ ሊባኖስንና ኢየሩሳሌምን ሦስት ዓመት ያህል ዞረ፤ ከዘጠኝ መቶ የሚበልጡ ሰሌዳዎችም አነሣ። ከነዚህ ከተሞች የብዙዎቹ፣ ከጥፋት ተርፈው ዛሬ የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች የእርሱ ናቸው። ካሜራው ለእርሱ ታስቦ የተሠራ ሲሆን 19 በ24 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰሌዳ ይቀበል ነበር። ሚናራ ለማንሣት ሰሌዳውን በቁመቱ ለሁለት ይከፍለውና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ የከተማ ገጽታ ሲሆን ያጋድመዋል። የመዳቡ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን አንዱ ሙሉ ሰሌዳ ሁለት መቶ ግራም ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ዘጠኝ መቶዎቹ ሁሉ በግማሽ የተከፈሉ ናቸው ብለን ብናሰላ እንኳ መዳቡ ብቻ ወደ ዘጠና ኪሎ ይጠጋል። ካሜራው፣ ሜርኩሪው፣ አዮዲኑና ሣጥኖቹ ሲጨመሩ፣ ባቡር ባልነበረበት አገር ምን ዓይነት ጉዞ እንደነበር መሐንዲስ የሆነ አንባቢ አይጠፋውም።

ከተመለሰ በኋላ በ1846 የግብፅን፣ የሶርያንና የትንሿ እስያን የዐረብ ሕንፃዎች የሚመለከት መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። ሥዕሎቹ ሊቶግራፎች ነበሩ። ያን ሁሉ ድካም ያስከፈሉት ሰሌዳዎች ለሊቶግራፉ መነሻ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ። እንዲያውም የሰሌዳው የተገላበጠ ምስል ለድንጋይ ኅትመት ምቹ ነው፤ እንደሚታየው በድንጋዩ ላይ ቢሣል፣ ሲታተም እንደገና ስለሚገለበጥ ግራና ቀኙ ይስተካከላል። መጽሐፉ ግን የታሰበውን ያህል ገዢ አላገኘም።

ይህን አድራጎት ምሥጢር የመደበቅ ፍላጎት አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። መሐንዲስ ለአሠሪው የሚያስረክበው የመስክ መዝገቡን ሳይሆን ንጹሑን ፕላን ነው፤ ዢሮም ያደረገው ይኸንኑ ነው እላለሁ። የሚያሳዝነው ፕላኑ መዝገቡን ሊተካ አለመቻሉ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ አሮጌ ድልድይ ጥገና ላይ ስሠራ የተሰጠን ፕላን እጅግ ያማረ ነበር፤ መሠረቱ ዐለት ላይ እንዳረፈ ያሳያል። ስንቆፍር ያገኘነው ጠጠር ነው። በግንባታው ጊዜ የተያዘው የመስክ ደብተርና ፎቶግራፍ እንዲሰጠን ጠየቅን፤ መጋዘኑ በጸዳ ጊዜ ተጥሏል ተባልን። ሊቶግራፍ የሚሠራ ሰዓሊም እንዲሁ ይመርጣል፤ ስንጥቁን ያልፋል፣ ፍርስራሹን ያስተካክላል። ሰሌዳው ግን መምረጥ አያውቅም።

ዢሮ የኋላ ዘመኑን ላንግር አቅራቢያ ባሠራው ቤት ከሰው ርቆ ብርቅ እፅዋት ሲያለማ አሳለፈና በ1892 ወራሽ ሳይተው ሞተ። በ1920 ቦታውን የገዙት ኮንት ደ ሲሞኒ ሣጥኖቹን አገኟቸው። ሰሌዳዎቹ ቦታውንና ዓመቱን የሚናገር በእጅ የተጻፈ ምልክት ተለጥፎባቸው በየመደባቸው ተሰካክተው ነበር። ያም ሆኖ ሰፊው ሕዝብ ሊያያቸው የቻለው ቆይቶ ነው። በ2003 በለንደን ጨረታ ቀረቡ፤ በ2019 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላቸው።

በለንደኑ ጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠው ሰሌዳ በ1842 በአቴና የተነሣ ሲሆን፣ የዜውስን ቤተ መቅደስ ከምሥራቅ በኩል ያሳያል። ዢሮ እዚያ ካሜራውን በተከለበት ጊዜ ከቤተ መቅደሱ ዐምዶች ዐሥራ ስድስቱ ቆመው ነበር። በ1852 ከመካከላቸው አንዱን አውሎ ነፋስ ጣለው፤ የተደረደሩት የዐምዱ ክብ ድንጋዮች እስከ ዛሬ እንደ ወደቁ እዚያው ሣር ላይ ተጋድመዋል።