ሳይጋበዝ የገባው ቺፕ

ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። በዕለቱ የተበላሸ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬም ሠርቷል። ሆኖም ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2023 መጨረሻ ባወጣው ግምት መሠረት፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ስለማይችሉ ብቻ ለመጣያ የሚዳረጉት ኮምፒውተሮች ወደ 240 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራት ወይም ከአገር ቤት ዘመድ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር አቅም አያንሳቸውም። የጎደላቸው በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ወይም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ነው። አብዛኛው ባለቤት የዚህን ቺፕ ስም የሰማው ኮምፒውተሩ «አይመጥንም» በተባለበት ቀን ቢሆንም፣ ከቺፑ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ከሃያ ዓመት በፊት በአደባባይ ተሞግቶ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ኢንቴል ፔንቲየም 3 የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያስተዋውቅ፣ እያንዳንዱ በሶፍትዌር ሊነበብ የሚችል የራሱ መለያ ቁጥር እንደሚኖረው ገለጸ። ቁጥሩ በኢንተርኔት የሚገበያየውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ ይረዳል የሚል ነበር ምክንያቱ። የግል ምስጢር ተሟጋቾች ግን ሰውን በየደረሰበት ለመከታተል የሚያመች ምልክት ነው ብለው ተቃወሙ፤ የኢንቴልን ምርት ሰው እንዳይገዛም ጥሪ አደረጉ። ኩባንያው በቀጣዩ የፕሮሰሰር ትውልድ ቁጥሩን ጨርሶ ተወው። በዚያው ዓመት ግን ኮምፓክ፣ ኤች.ፒ.፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት አንድ ጥምረት መሠረቱ። ዓላማቸው ለኮምፒውተር «ታማኝነት» መሠረት የሚሆን አንድ የጋራ ቺፕ መንደፍ ነበር። ቲ.ፒ.ኤም. የዚህ ጥምረት ልጅ ነው።

ቺፑን ብዙዎች እንደ ዘበኛ ያስቡታል፤ ማንንም አያስቆምምና ዘበኛ አይደለም። ይልቁንስ ማኅተም ያዥ ቢባል ይቀርባል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ተራ በተራ የሚጫኑት ፕሮግራሞች አሻራ በቺፑ ውስጥ ይመዘገባል። ዲስኩ የተመሰጠረበት ቁልፍም በቺፑ ታሽጎ ይቀመጥና የዛሬው አሻራ ከተመዘገበው ጋር ሲገጥም ብቻ ይለቀቃል። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ፣ ያገኘው ሰው ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ሊያነብበው አይችልም። ይህ ለባለቤቱ የሚበጅ አገልግሎት መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው ችሎታው ግን ሌላ ነው። ቺፑ በውስጡ ባለ ምስጢራዊ ቁልፍ ፈርሞ፣ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ የተነሣው ሶፍትዌር ይህ ነው» ብሎ ሩቅ ላለ ሦስተኛ ወገን ሊመሰክር ይችላል። ባለቤቱ ይህን ምስክርነት ማረም አይችልም፤ ቢችል ኖሮ ምስክርነቱ ዋጋ ባልኖረው። የሃያ ዓመቱ ጠብ በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በጃንዋሪ 2002 ቢል ጌትስ ለሠራተኞቹ በላከው ማስታወሻ ደኅንነት ከማንኛውም አዲስ ነገር ቀዳሚ መሆን አለበት አለ። ማስታወሻው ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ ባለፈው ዓመት ኮድ ሬድና ኒምዳ የተባሉት ትሎች የማይክሮሶፍትን ስም አጉድፈው ነበር። በጁን ወር «ፓላዲየም» የተሰኘው ዕቅድ ይፋ ሆነ። ዕቅዱ ዊንዶውስን ከደኅንነት ቺፕ ጋር በማጣመር፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለቤቱም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ሊነካው የማይችል የተከለለ ክፍል ማበጀት ነበር። (ስሙ የተወሰደው ትሮይን ትጠብቃለች ከተባለችው የአቴና ሐውልት ነው። ከተማዪቱ የወደቀችው ሐውልቱ ከተሰረቀ በኋላ መሆኑን ስም አውጪዎቹ ያሰቡበት አይመስልም።) የካምብሪጁ የደኅንነት ሊቅ ሮስ አንደርሰን ወዲያው ረጅም ማብራሪያ ጽፎ፣ ኮምፒውተሩ ከባለቤቱ ይልቅ ለሶፍትዌርና ለፊልም ኩባንያዎች ታዛዥ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ «ታማኝ» የተባለውን አሠራር «ከዳተኛ» ብሎ ሰየመው። ተቃውሞው በርትቶ ስለነበር በ2003 መጀመሪያ የፓላዲየም ስም በረጅምና በማይያዝ ስም ተተካ፤ ከዕቅዱም አብዛኛው ክፍል በኋላ ተጣለ።

ተቃዋሚዎቹ ያሸነፉ መሰላቸው። ሐሳቡ ግን የከሸፈው በትልቅ ስም ታውጆ በመምጣቱ ነበር፤ ቺፑ ራሱ በቢሮ ላፕቶፖች ውስጥ አንድ በአንድ መግባቱን አላቆመም። በዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ቢትሎከር የተባለው የዲስክ ማመስጠሪያ ሲመጣ ቺፑ ሥራ አገኘ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሴኪዩር ቡትን ይዞ መጣ። ይህ ፊርማ የሌለው ስርዓተ ክወና እንዳይነሣ የሚያግድ አሠራር ሲሆን፣ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ ባለቤቱ እንዲያጠፋው ይፈቀድለት ነበር፤ ዊንዶውስ አር.ቲ. በተጫነባቸው ታብሌቶች ላይ ግን ይህ መብት አልተሰጠም። በዊንዶውስ 10 ጊዜ ደግሞ የማጥፊያው ምርጫ መኖርና አለመኖሩ ለአምራቾች ፈቃድ ተተወ። ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሴኪዩር ቡት በበራበት ኮምፒውተር ላይ የሚነሡት በማይክሮሶፍት ፊርማ ነው፤ ተፎካካሪ በተፎካካሪው ማኅተም የሚያድርበት ሁኔታ መሆኑ ነው። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው የሚሸጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 እንዲኖራቸው ሲታዘዝ ሰልፍ የወጣ አልነበረም። ትእዛዙ ለአምራቾች እንጂ ለገዢዎች አልተነገረምና።

በጁን 2021 ዊንዶውስ 11 ሲታወጅ ግን ሂሳቡ ለገዢው መጣ። ማይክሮሶፍት ለመመርመሪያ ያወጣው ፕሮግራም ምክንያቱን ሳይገልጽ «አይመጥንም» እያለ ስላስቆጣ በቀናት ውስጥ ተነሣ። በማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው ቺፕ በአትራፊዎች እጅ ገብቶ ዋጋው በአንድ ጊዜ ናረ። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ገዢዎች አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ተመሳሳዩ አገልግሎት በፕሮሰሰራቸው ውስጥ ተካቶ፣ በባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል። ከቺፑ የባሰው ደግሞ የፕሮሰሰሩ ዝርዝር ነበር። ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ብቻ ተፈቀደ። ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 ያላቸው የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች ቺፑን ይዘው ከደጅ ቀሩ። በኋላ ጥቂት የሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲጨመሩ፣ አንደኛው ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ብሎ ይሸጠው በነበረው ውድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው መስፈርቱን በአስተማማኝነትና በደኅንነት ምክንያት አስረድቷል፤ ይህ አንድ እርምጃ ግን ከማብራሪያው ሁሉ የበለጠ ተናጋሪ ነው።

ለማይክሮሶፍት መከራከሪያ ተገቢው ቦታ መሰጠት አለበት። ከዊንዶውስ በፊት ተነሥቶ የሚደበቅ ቫይረስ በእርግጥ አለ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ሆስፒታሎችን ሳይቀር ዘግተዋል። ችግሩ ቺፑ የሚሰጠው ዋስትና ከተነገረለት ማነሱ ነው። በ2017 የኢንፊኒየን ኩባንያ ቲ.ፒ.ኤም. ቺፖች የሚያመነጯቸው ቁልፎች ሊሰበሩ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። በማርች 2023 ኢሴት የተባለው ኩባንያ፣ ብላክሎተስ የተሰኘው ጥቃት ማሻሻያው ሁሉ በተጫነበት ዊንዶውስ 11 ላይ ሴኪዩር ቡትን አልፎ እንደሚገባ አሳየ። ከዚህም ሌላ ማኅተም ያዡ አንዳንዴ ጌታውን ይረሳል። በጁላይ 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ሲነሡ ባለ 48 አኃዝ የቢትሎከር ቁልፍ እንዲጠይቁ አደረገ። ቁልፉን አስቀምጦ ያላቆየ ሰው፣ ከሌባ የተጠበቀለት የልጆቹ ፎቶግራፍ ከእርሱም ተጠብቆ ይቀርበታል።

አንደርሰን የፈራው የሩቅ ምስክርነትም ቀስ ብሎ መጥቷል፤ የመጣው ግን እርሱ እንዳሰበው በፊልም ኩባንያዎች በኩል ሳይሆን በጨዋታ ነው። ራየት ጌምስ ቫሎራንት የተባለውን ጨዋታ በዊንዶውስ 11 ላይ ለመጫወት ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 እና ሴኪዩር ቡት መብራታቸውን ከ2021 ጀምሮ ግዴታ አደረገ። ዓላማው አጭበርባሪዎችን መከላከል ነው፤ ተጫዋቾችም አጭበርባሪን አይወዱም። ቢሆንም ጨዋታ ሠሪ የገዢውን ባዮስ ቅንብር የሚወስንበት ልማድ ተጀምሯል።

በዲሴምበር 2024 ማይክሮሶፍት የቲ.ፒ.ኤም. 2.0 መስፈርት ለድርድር እንደማይቀርብ ጻፈ። ቺፑ ላይ እውነትም አልተደራደረም። ዊንዶውስ 10 በሚሰናበትበት መንገድ ላይ ግን ተደራድሯል። ለአንድ ተጨማሪ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ የሚፈልግ ግለሰብ 30 ዶላር እንዲከፍል፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንቱ ጋር እንዲያስተሳስር፣ ወይም ከኩባንያው የሚገኝ የሽልማት ነጥብ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ዩሮኮንሲውመርስ የተባለው የሸማቾች ማኅበር ከገፋ በኋላ፣ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ላሉት ሰዎች ያለ ክፍያና ያለ ማስተሳሰር እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ግን ግድ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በፍራንክፈርትና በስቶክሆልም የሚኖር ሰው በነጻ ያገኘውን፣ በለንደን፣ በዋሽንግተንና በሪያድ የሚኖረው ዘመዱ ከሦስቱ አንዱን መስጠት አለበት። ቺፑ በሁሉም ቦታ ያው ነው፤ የተለያየው ሕግና ጠያቂ ማኅበር ነው።

አገልግሎት ላይ የዋሉ ላፕቶፖች ደግሞ ከአሜሪካና ከዱባይ በሻንጣም በጭነትም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ለወንድም ልጅ ትምህርት ተብሎ የሚላከው የ2016 ላፕቶፕ ከነቲ.ፒ.ኤሙ ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪው ዓመት ኦክቶበር 13 ቀን 2026 እንደሚያበቃ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ለተቀባዩ የሚቀረው ሊኑክስ መጫን፣ መስፈርቱን በጓሮ በር አልፎ ዊንዶውስ 11ን ያለ ዋስትና መጫን፣ ወይም ኮምፒውተሩን ማሻሻያ ሳይኖረው እንደ ቀድሞው መጠቀም ነው።