ጣሊያን ጥሎት የሄደው መኪና

የጋዜጣ ሰው ሲሳሳት ስህተቱ ታትሞ ይሸጣል። የእኔም አንድ ጊዜ ተሸጧል፤ ያውም ከነፎቶው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ዳሎል ወርጄ ነበር። ያኔ ከመቀሌ በበራህሌ በኩል ሐመድ ኤላ ለመድረስ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ላንድክሩዘሯ በደረቅ ወንዝና በኮረኮንች ስትንገጫገጭ ውላ ጨው ሜዳው ላይ ስታወርደን፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዘቅዝቀናል። ሰው ዳሎል የሚሄደው ያንን ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚፈላውን ምድር ለማየት ነው። እኔ ግን የሄድኩት ቤቶቹን ፎቶ ላነሳ ነበር።

ቤቶች? አዎ፣ ቤቶች። ዳሎል ላይ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ነበር። ግድግዳው ጨው ነው። በዚያ ምድረ በዳ ለቤት የሚሆን እንጨት ከየት ይመጣል? ያለው ጨው ነው፤ እሱን እንደ ብሎኬት እየጠረቡ ደረደሩት። ዝናብ እምብዛም ስለሌለ ቆሞ ቀረ። ጣሪያው የለም፤ በርና መስኮቱም የለም። ግድግዳው ጠርዝ ጠርዙ ሟሙቶ ልጅ የላሰው ከረሜላ መስሏል። በየቦታው ዝገት የበላው በርሜልና ማሽን፣ አጥንቱ የቀረ መኪና ወድቋል።

ሦስት ጥቅል ፊልም ይዤ ነበር፤ 108 ፎቶ መሆኑ ነው። ሁሉንም ጨረስኩት። ከነዚያ መሐል ከጨው ግድግዳ አጠገብ የቆመ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና የሚያሳየው ከጽሑፌ ጋር ወጣ። ከሥሩ «ጣሊያን ጥሎት የሄደው መኪና» ብዬ ጻፍኩበት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ሰው ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ስልሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው ይዘዋል።

«ይቺን የጻፍካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይሄ መኪና የጣሊያን አይደለም፤ የአሜሪካኖቹ ነው።» ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ «እኔ ነድቼዋለሁ» አሉኝ።

የሳቸውን ነገር ከመቀጠሌ በፊት የመንደሩን ታሪክ በአጭሩ ላውጋችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይጨበጥም።

የዳሎል መንደር የተወለደው በአውሮፓ ጦርነት ምክንያት ነው። ፖታሽ ለማዳበሪያ ይሆናል፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለምን ገበያ የያዘችው ጀርመን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ የጀርመን ፖታሽ ተቋረጠ፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ። ያኔ ጣሊያኖች ዓይናቸውን ዳሎል ላይ ጣሉ። ግዛታቸው በነበረችው ኤርትራ፣ ቀይ ባሕር ዳር ካለችው መርሳ ፋጡማ የተነሳ ጠባብ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቀቀ። ሐዲዱ ዳሎል ሊደርስ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል። ግን ጦርነቱም በዚያው ዓመት አለቀ። የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ሲመለስ የዳሎል ነገር ቀዘቀዘ። በ1920ዎቹ እንደገና ተሞክሮ እንደገና ቆመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐዲዱን የእንግሊዝ አስተዳደር ነቀለው። በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ መሬቱን ሲሰረስር ቆየና አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ እሱም ሄደ። ዳሎልን በዓለም ያስጠራት ሙቀት፣ በዓመት በአማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ የሚባለው፣ የተመዘገበው ከ1960 እስከ 1966 በነበሩት ዓመታት ነው። ወዲህ ደግሞ የካናዳ ኩባንያ መጣ፤ ከሱ የገዛው የእስራኤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶ ወጣ።

እነሆ መጡ፣ ሄዱ። ያን ጊዜ የጻፍኩትም ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር። አሁን መልሳችሁ አንብቡትና ባለቤቱን ፈልጉልኝ። ጣሊያን አየ፣ እንግሊዝ ነቀለ፣ አሜሪካ ሰረሰረ። ታዲያ በዚያ ሙቀት ዶማ የያዘው ማን ነበር?

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። ወንበር ሰጠኋቸው። በ1950ዎቹ ማብቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ አሥመራ ተቀጥረው በሹፌርነት ዳሎል ወርደዋል። ገና ጎረምሳ ነበሩ። ቀን ቀን ብረት በባዶ እጅ ስለማይነካ የመኪናውን በርና መፍቻውን በጨርቅ ይዘው ይሠሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ጨው ደግሞ መኪናን ከሥር ከሥሩ ነው የሚበላው አሉ። «ሰውንም እንደዚያው ነው» ብለው ሳቁ።

ከዚያ የቀሩትን ፎቶዎች እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። 108ቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። እያንዳንዱን ግድግዳ በጣታቸው እየተከተሉ፣ እዚህ እንበላ ነበር፣ እዚህ እንተኛ ነበር እያሉ አዩ። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ሰው የለበትም እንዴ?»

በእርግጥም አልነበረበትም። እዚያው በቆምኩበት ሰዓት ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ አፋሮችና ትግሬዎች ጨው እየፈነቀሉና አሞሌ እየጠረቡ ነበር። ግመሎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲያይ ጨው ገንዘብ ሆኖ ነው ያገኘው። ፖታሹ ጥቂት ዓመት እየተሠራ ሲቆም አሞሌው ግን መቶ ዓመታትን ተሻግሯል። ነገር ግን ጨው ቆራጭ ሥራው ላይ ግድግዳ አያቆምም፤ ሲመሽ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ለካ እኔ ታሪክ የሚባለው ግድግዳ ያለው ብቻ መስሎኝ ሰዎቹ ከፎቶው እስኪወጡልኝ ስጠብቅ ነበር! አንዱን ሠራተኛ እንዲያውም «ትንሽ ዞር በልልኝ» ያልኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሰውየው ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። ውስጡ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ሰባት ጎልማሶች ቁምጣ ታጥቀው ከጨው ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የመኪና አፍንጫ ይታያል። «ይሄውልህ መኪናው» አሉኝ። ከዚያ ከግራ ጀምረው ሰባቱንም በስም ጠሩልኝ፤ አፋሩን፣ ትግሬውን፣ አማራውን፣ የአሥመራውን ልጅ። ማን ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማን እዚያው ታሞ እንደቀረ ነገሩኝ። የፎቶውን ጀርባ ገለበጥኩት። ባዶ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እርማት አወጣን፦ መኪናው የጣሊያን ሳይሆን የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ተረጋግጧል። ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ስልክ ደወሉ።

«አየሁት፤ ደህና ነው» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግን አሁንም የነዳው ሰው የለም» አሉኝ።

ስምዎን ላውጣው ወይ ብላቸው አልፈለጉም። ሰባቱ ባልደረቦቼ በሌሉበት የኔ ብቻ ምን ያደርጋል አሉ። እኔም እዚህ ስማቸውን ያልዘረዘርኩት ቤተሰቦቻቸውን ስላልጠየቅሁ ነው።

መቼም ቅርስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሐውልት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት ነው። ሕጉ ግን ከእኛ ይሰፋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራም የጉልበትም ውጤት አድርጎ ነው የሚያየው። የዳሎል ግድግዳ፣ የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ቤት፣ የወንጂ የሠራተኛ ሰፈር የጉልበት ውጤት ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ነው? «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገሬ ሰው። ግድግዳም የሠራውና የኖረበት ሰው ካልተነገረለት ያው ድንጋይ ነው።

የጨው ቤት ደግሞ ለዘላለም አይቆምም። ግድግዳውን ማዳን የኔና የእናንተ አቅም ላይሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን እንችላለን። በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ፣ አባትና አያት ፋብሪካ በር ላይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር የተነሱት ፎቶ አይጠፋም። የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ጀርባው ላይ ጻፉ። እኔ የዚያን ዕለት ሰውየውን እስኪብርቶ አቀበልኳቸውና ሰባቱንም በገዛ እጃቸው ጻፉ። ስምንተኛው ማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ፎቶውን ያነሱት እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ።